ኩባያሽን ማን ያይልሻል?

ወደ ኪራይ ቤታችን ብቻዋን ለምትመጣ ሴት የምሰጠው ምክር አለኝ። ብትጠይቀኝም ባትጠይቀኝም እሰጣታለሁ። ሻንጣዋን ከበሩ ሳታሳልፍ እጀምራለሁ። ላክላን የሚባለው አውስትራሊያዊ ተከራይ «ዶሪን ስብከቷን ጀመረች» ብሎ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይደፋል። ይድፋ። እሱ ወንድ ነው፤ ከመሸ ብቻውን ከገበያ ሲመለስ የሚያስበው ስለ እራቱ ብቻ ነው።

መንገድ ዳር ያለውን ክፍል አትውሰጂ፣ እላታለሁ፤ መስኮቱ ሰፊ ነው ብለው ያባብሉሻል፣ ሰፊነቱ ግን ለሌባም ነው። ወዴት እንደምትሄጂ ሳትናገሪ ከግቢ አትውጪ። ለሁሉም አትንገሪ፣ ለአንድ ሰው ንገሪ። በርሽ ሲንኳኳ «ማነው?» ሳትይ አትክፈቺ፤ ድምፁን ብታውቂውም፣ እኔ ብሆንም። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ፈገግ ላለልሽ ሁሉ የሆድሽን አትዘርግፊ። ወር ሲያልቅ የሚሄድ ሰው ደግሞ አትውደጂ። እዚህ ላይ ስደርስ የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ በዚህ ቤት ወር ሲያልቅ የማይሄድ ሰው የለማ።

ከእኔ በስተቀር ማለቴ ነው። እኔ የመጣሁት ለሦስት ወር ብዬ ነበር፤ ካናዳ፣ ተንደር ቤይ ውስጥ ያለውን ቤቴን ከቀድሞው ባሌ ጋር ሸጠን ከተካፈልን በኋላ። ሦስቱ ወር ዘጠኝ ዓመት ሆነ። በኮምፒውተር የኢንሹራንስ ወረቀት እመረምራለሁ፤ ወረቀቱ የት ሆኜ እንደምመረምረው ግድ የለውም። ወንድሜ በስልክ ቀልድ ይልክልኛል። ቀልዶቹን ለሁሉም ሰው ነው የሚልከው።

ቤቱ ሜክሲኮ፣ ዋሃካ ከተማ ውስጥ ነው፤ ግቢው መሀል በበቀለችው የበለስ ዛፍ የተነሳ ላ ሂጌራ ይሉታል። ክፍሎቹ ግቢውን ዙሪያውን ከበውታል፤ ወጥ ቤቱና ረጅሙ ጠረጴዛ የጋራ ናቸው። ሁሉም ለሩቅ አገር ነው የሚሠራው። አንዱ ሲተኛ የሌላው አለቃ ይነቃል። ስለዚህ የተዘጋ በር እዚህ ቤት ንጉሥ ነው፤ ማንም አይነካውም። ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያደረገ ሰውም አጠገብሽ ተቀምጦ ምሳውን ቢበላ እንኳ የለም ማለት ነው፤ አታናግሪውም።

ይህ ጨዋነታችን አንድ ጊዜ ሰው ሊፈጅ ነበር። ግዌን የምትባል የካናዳ፣ የማኒቶባ ልጅ ወገቧ ተይዞ አልጋ ላይ ቀረች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ፣ እሷ አልጋው ላይ፣ መሀላቸው ሁለት እርምጃ። በሩ ተዘግቷል፤ እኛ ደግሞ ስብሰባ ላይ ናት ብለን በሯ ሥር በሹክሹክታ እናወራ ነበር፣ እንዳንረብሻት። ውሃ ሳትቀምስ ሁለተኛ ቀኗን ይዛ ያገኘቻት ዶኛ ኩካ ናት፣ የቤቱ ባለቤት፣ አንሶላ ልትቀይር ገብታ።

«እናንተ ሰዎች» አለችን ዶኛ ኩካ፣ ሁላችንንም በለሷ ሥር ሰብስባ። «በእኛ ሰፈር አንዲት ሴት ጠዋት ደጇን ካልጠረገች ጎረቤቷ በሩን ሰብራ ትገባለች። እናንተ ግን እየተከባበራችሁ ልታልቁ ነው!»

ያን ጊዜ ነው ሳንቃውን ያሰቀልኩት። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ረጅም ሳንቃ ከነሚስማሮቹ። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ኩባያ አለው፣ ከሚስማሩ በላይ ስሙ በወረቀት ፕላስተር ተለጥፏል። ማታ ኩባያሽን አጥበሽ ትሰቅያለሽ፤ ጠዋት ስትነሺ ታወርጃለሽ። እያንዳንዱ ሰው ጥንድ አለው። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን የእኩለ ቀን ደወል ሲደወል የጥንድሽ ኩባያ ገና ሚስማሩ ላይ ከሆነ፣ ሄደሽ በሩን ታንኳኪያለሽ። ስብሰባ ይሁን፣ ማዳመጫ ይሁን፣ ታንኳኪያለሽ። በቃ ይኸው ነው ሕጉ። ሰው ሲሄድ ስሙ ይላጣል፤ ሙጫው ግን ስለማይለቅ ሳንቃው ላይ የስም ጠባሳ ብቻ ሆኗል።

የእኔ ሚስማር የለም። እኔ ሻዬን ከሁሉም በፊት ተነስቼ ክፍሌ ውስጥ ነው የምጠጣው፣ ከአገሬ ባመጣሁት የቆርቆሮ ኩባያ። ከዚያ ወርጄ የሌሎቹን እቆጣጠራለሁ። ጥንድ ስመድብም ራሴን አልቆጥርም። ቆጣሪ ራሱን አይቆጥርም፣ ትዝም አላለኝ።

ኢልዜ የመጣችው የሙታን በዓል ባለፈ ሰሞን ነው፤ የዶኛ ኩካ ቢጫ አበቦች ለሙታኗ ባዘጋጀችው መሠዊያ ላይ ገና እየደረቁ ነበር። የላትቪያ ሰው ናት፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ረጅምና ቀጭን፤ ስትቀመጥ ጉልበቷን የት እንደምታደርገው የምትቸገር ዓይነት። የፊልም ንግግር እየሰማች ወደ አገሯ ቋንቋ ትተረጉማለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ወሬ ጆሮዋ ውስጥ ነው፤ የሚያናግራት ግን አንድም የለም።

ምክሬን ከሻንጣዋ ጎን ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ሌሎቹ መሀል ላይ ይስቃሉ ወይ ስልካቸውን ያያሉ። እሷ ግን ዓይኔን እያየች ሰማችና «የሚነገረው አንድ ሰው ከየት ነው የሚገኘው?» አለችኝ።

«የቱ አንድ ሰው?»

«ስወጣ የምነግረው።»

«ጥንድሽ ነዋ። ላክላን ነው ጥንድሽ።»

ላክላን ከጠረጴዛው ጫፍ ሆኖ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል እጁን አውለበለበ። እሷም አውለበለበችለት። እሱ ግን አላያትም።

ሰው የተሞላ ቤት ውስጥ ብቻ መሆን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ እኔ የተካንኩበት ነኝ፣ ጀማሪ ሳይ አውቃለሁ። ኢልዜ ጀማሪ ነበረች። ወጥ ቤት ገብታ እንቁላል ስትጠብስ «የሚበላ አለ?» ትላለች፣ ከዚያ ዞር ስትል ሁሉም ጆሮ ተደፍኗል። እሑድ አብረን ስንበላ ሁሉም እርስ በርሱ የሚጠያየቀው «ከየት መጣሽ? ወዴት ትሄጃለሽ?» ነው። መጣሽና ትሄጃለሽ። መሀሉን የሚጠይቅ የለም። ኢልዜ ስትመልስ አጭር ነው፤ ከዚያ ሳህኗን ታያለች። ሳያት ይከፋኝ ነበር፤ ግን ትለምደዋለች ብዬ ዝም አልኩ። የለመድኩት ግን እኔ ነበርኩ እንጂ እሷ አልነበረችም።

አንድ ቀን ደወሉ ተደውሎ ሳንቃውን ባይ የኢልዜ ኩባያ ሚስማሩ ላይ ነው። የላክላን ኩባያ ወርዷል፣ እሱ ራሱ ግን የለም፤ ከጓደኞቹ ጋር ተራራ ሊወጣ ሄዷል። ግዌን ትዝ አለችኝ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም፣ ጉልበቴ እስከ ማታ ድረስ ሰደበኝ። በሩን በቡጢ ደበደብኩት።

«ማነው?» አለች ወዲያው።

«ዶሪን ነኝ! ክፈቺ!»

ከፈተች። ለብሳለች። ፀጉሯን አበጥራለች። አልጋዋ ተነጥፏል፤ ጫፉ ላይ ብቻ ሰው የተቀመጠበት ስርጉድ አለ፣ ከበሩ ትይዩ።

«አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ኩባያሽ ለምን አልወረደም?»

ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ «ማን እንደሚመጣ ልይ ብዬ ነው» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። «ይሄ ጨዋታ መሰለሽ? ነገ የምር ብትወድቂስ? ሰው አንዴ ከተታለለ ሁለተኛ አይመጣልሽም!»

«ማንም አልተታለለም» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «ትናንትም አላወረድኩትም ነበር። እስኪመሽ ተሰቅሎ ዋለ። ማንም አልመጣም።»

ትናንት እኔ ረጅም ስብሰባ ነበረኝ፤ በሬን ዘግቼ ነበር። ይህን አልነገርኳትም።

«አንድ ጊዜ ሲንኳኳ መስማት ፈልጌ ነው» አለች ኢልዜ። «እዚህ ከመጣሁ በሬ ተንኳኩቶ አያውቅም። እንዲያው ይንኳኳ አይንኳኳ ማወቅ ፈለግሁ።»

አጠገቧ ልቀመጥ ይገባኝ ነበር። አልጋው ላይ ቦታ ነበር። እኔ ግን የደነገጥኩበት ንዴት ገና አልወጣልኝም፤ «ልጅ አይደለሽም እኮ» ብያት ዞርኩ። በሩን ልዘጋ ስል ከኋላዬ ጠየቀችኝ።

«ያንቺን ኩባያ ማን ያይልሻል?»

«እኔ ኩባያ የለኝም። የማየው እኔ ነኝ።»

«እሱንማ አይቻለሁ» አለች።

ያቺ ቃል ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ሆነችብኝ። ወረቀት ስመረምር ትቆረቁረኛለች፣ ስተኛ ትቆረቁረኛለች። በሬ መቼ ነው የተንኳኳው? ሰው ሲፈልገኝ በስልክ ይጽፍልኛል፣ ወይ ዶኛ ኩካ ከግቢ ሆና ትጮሃለች። አንድ ጊዜ የጋዝ ሻጭ አንኳኩቷል፤ ክፍል ተሳስቶ ነበር። ሌላ አስታወስኩ ብል ውሸት ነው።

ጠዋት ዶኛ ኩካ በለሷን ውሃ ስታጠጣ ወርጄ አጠገቧ ቆምኩ።

«ዶኛ ኩካ፣ እኔ ኩባያ ሳንቃው ላይ ብሰቅል ምን ይመስልዎታል?»

ውሃውን ማፍሰሷን አላቆመችም። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። አንቺ ጭራሽ ሳትቆርሺ ቀረሽ። ለመሆኑ አንቺ የዚህ ቤት ሰው ነሽ ወይስ ዘበኛ?»

«አሁን ይቀልዱብኛል።»

«ምን እቀልዳለሁ! የእኔ ባል ከሞተ ስንት ዘመኑ። እሱ እንኳ መሠዊያው ላይ ኩባያ አለው፤ በየዓመቱ ውሃ እሞላለታለሁ። አንቺ በሕይወት አለሁ እያልሽ የለሽም። ነይ ይሄን ባልዲ ያዢልኝ፣ ቆመሽ ከምታለቃቅሺ።»

አላለቀስኩም ነበር። ባልዲውን ያዝኩላት።

ገበያ ሄጄ አረንጓዴ የሸክላ ኩባያ መረጥኩ፣ ጆሮው ሰፋ ያለ። ሻጯ «ስጦታ ነው? ልጠቅልለው?» አለችኝ። «አዎ፣ ለአንዲት ሴትዮ» አልኳት። አበባ ባለበት ወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ እኔም ክፍሌ ገብቼ ወረቀቱን ቀስ ብዬ ፈታሁት፣ ሳልቀድ።

ለመስቀል ግን ቀናት ወሰደብኝ። አፈርኩ፣ ምን ይደረግ! ኢልዜ በበኩሏ ከዚያ ቀን በኋላ ኩባያዋን በጊዜ ታወርዳለች። ወጥ ቤት ስንገናኝ ራሷን ነቅነቅ ታደርግልኛለች፤ እኔም ነቅነቅ። በወሩ መጨረሻ ወደ አገሯ እንደምትመለስ ሰምቻለሁ፣ ከእሷ ሳይሆን ከቤቱ የስልክ ግሩፕ። ሰኞ ነው የምትሄደው።

አርብ ማታ፣ እራት ተበልቶ ሰው ሁሉ ወደየክፍሉ ሲበተን፣ ሳንቃው ጫፍ ላይ ያለውን ባዶ ሚስማር መረጥኩ። ኩባያውን ሰቀልኩ። ፕላስተር ቀድጄ «ዶሪን» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ። ጥንድ አልመደብኩም። ማንን ልመድብ? ያየ ሰው ያያል ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ነጋ። ሻዬን አላፈላሁም። አልጋዬ ጫፍ ላይ፣ ከበሩ ትይዩ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ የኢልዜ አልጋ ላይ ያየሁት ስርጉድ ትዝ አለኝና በራሴ ሳቅሁ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ቤቱ ከታች ተነሳ። የቧንቧ ውሃ፣ የመፍጫው ጩኸት፣ የላክላን ሳቅ። ላክላን ዛሬ በጊዜ ተነስቷል፣ ተአምር ነው። ሰው ደረጃውን ሲወጣ ጀርባዬ ቀጥ ይላል፤ እርምጃው ሲያልፍ ይጎብጣል። ጋዝ ሻጩ በመንገድ እየጮኸ አለፈ። የሆነ ሰው «ዶሪን የለችም እንዴ?» ያለ መሰለኝ፤ ጆሮዬን ሰጠሁ፤ ስለ ሌላ ነገር ነበር የሚያወሩት።

ደወሉ ተደወለ። ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስቆጥረው የመጀመሪያዬ ነው፣ ሁልጊዜ ሳንቃው ፊት ሆኜ ነው የምሰማው። አለቀ። ልብሴን አስተካከልኩ። ጠበቅሁ።

ማንም አልመጣም።

ምናልባት እያጠቡ ነው፣ ምናልባት ምግብ እያነሱ ነው አልኩ። ለእያንዳንዳቸው ምክንያት ፈጠርኩላቸው፣ ለሰው ይቅርታ ማዘጋጀት አውቅበታለሁ። ምክንያቱ ሲያልቅብኝ ተናደድኩ። ንዴቱ ሲያልቅ ምንም ነገር አልቀረኝም፤ እንዲሁ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ዓመት ሰው ተቀበልኩ፣ ሰው ሸኘሁ፤ አሁን ብሞት መጀመሪያ የሚያውቀው የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤቴ ነው። ብቸኛ ነኝ። ይህን ቃል ጮክ ብዬ አልኩት፣ በእኔ ቋንቋ፣ ለባዶ ክፍል።

ወረድኩ። ኩባያዬን አውርጄ፣ ስሜን ልጬ፣ ነገሩን ላበቃው ነበር።

ሚስማሩ ባዶ ነው።

ላክላን ጠረጴዛው ላይ እግሩን ሰቅሎ አረንጓዴው ኩባያዬ ውስጥ የአጃ ገንፎ ይበላል። በማንኪያ።

«ያ ኩባያ የማነው?» አልኩት።

ዞር ዞር አድርጎ አየው። «የማንም አይደለም። የእኔ ቆሽሾ ነበር፤ ቅድም ጫፍ ላይ ተሰቅሎ ሳየው ከሄደ ሰው የቀረ መስሎኝ ወሰድኩት።»

«ስም አለበት እኮ፣ ከበላዩ!»

ሳንቃውን አየ። ፊቱ በእውነት ግራ ተጋባ፤ ክፋት የለበትም ልጁ። «አንቺ እኮ ኩባያ የለሽም፣ ዶሪን» አለኝ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ኢልዜ ማጠቢያው ጋ ቆማ ነበር፤ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ አለ። ውሃውን ዘጋችው። «ጠዋት አይቼዋለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ኩባያሽን። ከስምሽ ጋር። ከሱ ትይዩ ተቀምጬ ነው የሠራሁት፤ ማዳመጫዬን አውጥቼ፣ ደወሉን እንዳላሳልፍ።» ልክ እንደ ምክሬ ቀን ዓይኔን እያየች ነው የምትናገረው። «ከደወሉ ቀደም ብዬ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ፤ ሮጬ ነው የተመለስኩት። ስመለስ ሚስማሩ ባዶ ነው። እሱ ግቢ ውስጥ ነበር፣ ኩባያው እጁ ላይ መሆኑን አላየሁም። እሰይ፣ ተነሳች አልኩ። ደስ አለኝ።»

«ደስ አለሽ?»

«ደህና ነሽ ብዬ ነዋ።» እጇን በፎጣው ጠረገች። «ባይወርድ ኖሮ ደረጃው ላይ ነበርኩ።»

ላክላን እግሩን ከጠረጴዛው አወረደ። ገንፎውን ልጨርስ ወይስ ልተው በሚል ዓይን ኩባያውን ያያል። «አጥቤ እመልሰዋለሁ» አለ በቀስታ። «ይቅርታ ዶሪን። አላወቅሁም።»

«ብላ፣ ብላ» አልኩት። «አንዴ ጀምረኸዋል።»

ኢልዜ ግን አልጨረሰችም። በጣቷ ደረጃውን አሳየችኝ። «ውጪ።»

«የት?»

«ክፍልሽ። በሩን ዝጊው።»

«እንዴ፣ ይኸው አለሁ አይደል? እያየሽኝ ነው። አሁን ለምኑ ይረባል?»

«ዶሪን» አለች፣ «ሰኞ እሄዳለሁ። ውጪ በቃ።»

ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። እንደ ልጅ ታዘዝኩ። ደረጃውን ስወጣ ላክላን «ምን ሊሆን ነው?» ሲል ሰማሁት፤ መልስ የሰጠው የለም። ክፍሌ ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። የማውቀው ነገር ነው፣ የተነገረኝ ነገር ነው፣ ግን ልብሴን እንደገና አስተካከልኩ።

እርምጃዋ ደረጃው ላይ ተሰማ። መጣ። አላለፈም።

ተንኳኳ። ሦስቴ፣ ቀስ ተብሎ፣ በጣት አንጓ።

ተነስቼ በሩ ጋ ደረስኩ። መቀርቀሪያውን ያዝኩና ምክሬ ትዝ አለኝ።

«ማነው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ፣ ኢልዜ። ኩባያሽ አልወረደም። ደህና ነሽ?»

መቀርቀሪያውን እንደያዝኩ ቆምኩ። መስማቱን አልጠገብኩም።

«ማነው?» አልኩ ደግሜ።